ዳሽካም ከውጭ እንዳይታይ አድርጎ መግጠም

ዳሽካም (መንገዱን የሚቀርጽ የመኪና ካሜራ) ያለበትን መኪና ከሩቅ የሚያሳብቀው አብዛኛውን ጊዜ ሽቦው ነው። ከመስታወቱ አናት ተነሥቶ በዳሽቦርዱ ፊት የሚንጠለጠልና ላይተር ውስጥ የሚሰካ ጥቁር ገመድ ለማንም አላፊ አግዳሚ የሚነቀል ዕቃ መኖሩን ይናገራል። ከሽቦው ቀጥሎ የምታጋልጠው ብልጭ ድርግም የምትለው መብራት ናት። ከዚያ የበራ ስክሪን፣ በሌንሱ ዙሪያ ያለው የሚያብረቀርቅ ቀለበትና በነጭ የተጻፈው የአምራቹ ስም ይከተላሉ። የካሜራው አካል ትንሽና ጥቁር ከሆነ የመጨረሻው ነው። ሥራውም በዚሁ ቅደም ተከተል መታሰብ አለበት። ብዙ ሰው ግን ካሜራውን ለመሸፈን ሲደክም ይውልና ሽቦውን እንደተንጠለጠለ ይተወዋል።

አዲስ አበባ ውስጥ ስፖኪዮና የፊት መብራት እንኳ ይነቀላል። ለአንድ ካሜራ ተብሎ የሚሰበር የበር መስታወት ደግሞ ከካሜራው የበለጠ ሊያስወጣ ይችላል። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው መኪናቸውን መንገድ ዳር አሳድረው በማግስቱ ታክሲ ወይም ኡበር የሚሠሩ ወገኖችም ሥጋታቸው ያው ነው። ከዚህ በታች ያለው መሪው በግራ ለሆነ መኪና የተጻፈ ነው። ዓላማው ከውጭ የሚያልፍ ሰው ዓይን እንዳያርፍበት ማድረግ ነው፤ ከተሳፋሪ መደበቅ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሕግም ያስጠይቃል።

ካሜራውን ሲመርጡ

ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ የሚቀመጥ፣ የሽብልቅ ቅርጽ ያለው ካሜራ (ለምሳሌ ቪዮፎ ኤ119) ወይም እንደ ብላክቪው ያለ ሲሊንደር መሳይ ካሜራ ከውስጠኛው ስፖኪዮ ጀርባ በቀላሉ ይጠፋል። ጋርሚን ሚኒ 2 ደግሞ የመኪና ቁልፍ ያህል ብቻ ነው፣ ስክሪንም የለውም፤ ምስሉ የሚታየው በስልክ ነው። በመምጠጫ ጎማ ተለጥፎ በክንድ የሚንጠለጠለውን ዓይነት ግን ለዚህ ሥራ አይግዙ። ክንዱ ካሜራውን ወደ ታች ያወርደዋል፣ በኮብልስቶን መንገድ ላይም ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል። ማታ ማታ ካሜራውን ነቅለው ቢያስገቡት እንኳ መስታወቱ ላይ የሚቀረው መያዣ፣ ወይም ክብ የጎማ ምልክት፣ ካሜራው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ይመሰክራል።

ስፖኪዮው ላይ በጎማ የሚታሰረው መስታወት መሳይ ካሜራ ከውጭ ብዙም አይታወቅም። ነገር ግን ክብደቱ ስፖኪዮውን ቀስ በቀስ ያዘነብለዋል፣ ስክሪኑም ማታ የመኪናውን ውስጥ ያበራል። ስክሪኑን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት የሚቻል ካልሆነ ቢቀር ይሻላል።

ሲገዙ ሌላም የሚጠይቁት አለ፤ ኃይል የሚይዘው በሊቲየም ባትሪ ነው ወይስ በካፓሲተር (ለጥቂት ጊዜ ብቻ ኃይል በሚይዝ፣ ሙቀት በሚችል ክፍል)? ከመስታወት ጋር ተጣብቆ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው የሊቲየም ባትሪ ያብጣል፤ ሲያብጥ ሽፋኑን ይከፍተዋል፣ ማጣበቂያውንም ያላቅቃል። ዱባይ ወይም ሪያድ ላለ ሰው ደግሞ ካፓሲተር የግድ ነው።

ቦታውን መወሰን

ትክክለኛው ቦታ ከስፖኪዮው ጀርባ፣ ወደ ተሳፋሪው (ወደ ቀኝ) በኩል፣ ከመስታወቱ አናት አጠገብ ነው። እዚያ ሲሆን ከውጭ የስፖኪዮው ጥቁር ጀርባና የካሜራው ጥቁር አካል አንድ ጥላ ይሆናሉ፤ ሹፌሩም ከመቀመጫው ካሜራውን አያየውም፣ መንገድም አይጋርደውም። ነገር ግን ሌንሱ ሊያሟላቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

የዝናብ መጥረጊያው የሚደርስበት ቦታ ላይ መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ከሆነ በክረምት ምስሉ ጭቃና ጠብታ ብቻ ይሆናል። መጥረጊያውን ውኃ ረጭተው አንድ ጊዜ ያሠሩትና ቅስቱ የት እንደሚያልፍ ይዩ።

ብዙ መስታወት አናቱ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች አሉት። የካሜራው መያዣ እዚያ ላይ ቢለጠፍ ይበልጥ ይደበቃል ብለው ይፈተኑ ይሆናል። ነጠብጣቡ ግን ከመስታወቱ ላይ ትንሽ ከፍ ያለ የሴራሚክ ቀለም ስለሆነ ማጣበቂያው ሙሉ በሙሉ አይነካውም፤ ሙቀት ሲመጣ የሚወድቀው ካሜራ ብዙውን ጊዜ እዚያ የተለጠፈው ነው። መያዣው ንጹሕ መስታወት ላይ፣ ከነጠብጣቡ ጠርዝ ሥር ይሁን። ሌንሱም በነጠብጣቡም ሆነ አናቱ ላይ በተለጠፈ የጠቆረ ላስቲክ ጀርባ እንዳይውል፤ በጠቆረ ላስቲክ ውስጥ የተቀረጸ የማታ ምስል ታርጋ አያሳይም። ከቦሎና ከሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ተለጣፊም ይራቅ።

አዲስ መኪና ከሆነ ከስፖኪዮው ጀርባ የመኪናው የራሱ ካሜራና የዝናብ ሴንሰር ሊኖር ይችላል። ፊታቸው ላይ ምንም ነገር፣ ሽቦም ቢሆን፣ አያሳልፉ፤ መስመር መጠበቂያውና ራሱን የሚያቆመው ፍሬን በእነሱ ነው የሚሠራው። ዳሽካሙን ጥቂት ሳንቲሜትር ወደ ቀኝ ያሽሹት።

ቦታው ሲመስልዎት ወዲያው አይለጥፉ። ካሜራውን በፓወርባንክ ያስነሡት፣ በወረቀት ፕላስተር ለጊዜው ያያይዙት፣ ምስሉን በስልክዎ ይክፈቱ። አድማሱ ከምስሉ መሃል አካባቢ፣ ኮፈኑ ከሥር በኩል በቀጭኑ ብቻ መታየት አለበት። ከዚያ ወጥተው ከመኪናው ፊት ሁለት ሜትር ርቀው፣ ቀጥሎም ከሁለቱም ጎን በእግረኛ ቁመት ይመልከቱ። ሁለት ሳንቲሜትር ወደ ላይ ወይም ወደ ግራ ማንቀሳቀስ ብዙ ለውጥ ያመጣል። ሁለት ነገሮችን ደግሞ በእጅዎ ያረጋግጡ፤ ስፖኪዮው በየአቅጣጫው ሲዞር ካሜራውን እንዳይነካ፣ የሜሞሪ ካርዱ ቀዳዳም ከተለጠፈ በኋላ በጣት የሚደረስበት እንዲሆን። በደንብ የተደበቀ፣ ካርዱ ግን የማይወጣ ካሜራ አደጋ በደረሰ ቀን ዋጋ የለውም።

ብርሃንና ብልጭታ

መጀመሪያ ወደ ካሜራው ሴቲንግ ይግቡ። የኤልኢዲ መብራቱን፣ የድምፅ ማስታወቂያውንና ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚቆይ ስክሪንን ያጥፉ። መብራቱ በሴቲንግ የማይጠፋ ከሆነ ሁለት ድርብ ጥቁር ፕላስተር፣ በመብራቷ ልክ ተቆርጦ፣ ይበቃታል። ዋይፋዩም ሁልጊዜ ክፍት አይሁን። ብዙ ካሜራ የራሱን የሞዴል ስም ስለሚያሠራጭ አጠገቡ ያለ ስልክ ዝርዝር ውስጥ ይወጣል።

በሌንሱ ዙሪያ ያለውን የብር ቀለም ቀለበትና የአምራቹን ጽሑፍ የማያብረቀርቅ ጥቁር ቪኒል ይሸፍናቸዋል። መኪና ላይ ስቲከር የሚለጥፉ ቤቶች የመዳፍ ያህል ቁራጭ አያጡም። ወረቀት ላይ ልኩን ያውጡ፣ በሹል ምላጭ ይቁረጡ፣ ከሌንሱ ጠርዝ 2 ሚሊሜትር ያህል ይራቁ። የአየር ቀዳዳዎቹን አይድፈኑ፤ ካሜራው ሲቀርጽ ይሞቃል፣ ከታፈነ ራሱን ያጠፋል ወይም ፋይል ያበላሻል። የማይክሮፎኑንም ቀዳዳ ይተውት። የሚረጭ ቀለም ግን በፍጹም አይጠቀሙ። ጠብታው ሌንሱ ላይ ከደረሰ አይለቅም።

የሌንሱን የራሱን ብልጭታ ማጥፋት አይቻልም። ፖላራይዝድ ፊልተር የዳሽቦርዱን ነጸብራቅ ከምስሉ ላይ ይቀንሳል፤ ካሜራውን ከውጭ ግን አይደብቅም፣ እንዲያውም ሌንሱን ወደ ፊት ያስረዝመዋል። የሚገዙት ለምስል ጥራት ይሁን። የመኪናውን ውስጥ የሚቀርጽ ሁለተኛ ሌንስ ካለ ደግሞ የኢንፍራሬድ መብራቱን (በጨለማ ለመቅረጽ የሚያበራውን) ይዩ። በ850 ናኖሜትር የሚሠራው በጨለማ የደበዘዘ ቀይ ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ የ940ው አይታይም።

መለጠፍ

መስታወቱን ከውስጥ በኩል በፋርማሲ አልኮል ሁለት ጊዜ ይጥረጉ፣ በየጊዜው አዲስ ጨርቅ ይጠቀሙ። የእጅ ሳኒታይዘር አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ግሊሰሪን ማጣበቂያውን ያንሸራትተዋል። መስታወቱ ሲነካ ለብ ያለ ይሁን፤ በማለዳ ቅዝቃዜም ሆነ እጅ በሚያቃጥል ፀሐይ አይለጥፉ። መያዣውን ለ30 ሰከንድ አጥብቀው ይጫኑት፣ ካሜራውን ግን ወዲያው አይስቀሉበት። ቪኤችቢ የሚባለው ባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያ በመደበኛ ሙቀት 90 በመቶ ያህል ጉልበቱን የሚያገኘው ከ24 ሰዓት በኋላ፣ ሙሉውን ደግሞ ከ72 ሰዓት በኋላ ነው። ከውጭ ቆመው ሲያዩ ማጣበቂያው ወጥ ጥቁር ሆኖ መታየት አለበት። ነጣ ያለ ጉድፍ ካዩ አየር ገብቶበታል፣ ይነቀልና በአዲስ ይተካ።

ሽቦውን መደበቅ

የሚያስፈልገው ከ3 እስከ 4 ሜትር ሽቦ፣ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ (ወይም ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ)፣ የጨርቅ ፕላስተርና ጥቂት የፕላስቲክ ማሰሪያ ነው። ካቻቢቴ ልባሱን ይቀድዳል። ተራ የኤሌክትሪክ ቴፕም በሙቀት ማጣበቂያው ስለሚቀልጥ ሽቦው ይላቀቅና ሲሄዱ ይንኳኳል።

1. ከካሜራው እስከ ጣሪያው ልባስ ያለው ርቀት በጣም አጭር መሆን አለበት፤ ከውጭ የሚታየው የሽቦ ክፍል ይኸው ብቻ ነውና። ካሜራው በተስተካከለ ቁጥር እንዳይሳብ ሁለት ሳንቲሜትር ትርፍ ይተዉለት። መሰኪያው ከጎን የሚገባ ከሆነ የቀኝ ማዕዘን መሰኪያ ይግዙለት።

2. የጣሪያውን ልባስ ጠርዝ በመፈልቀቂያው ትንሽ ዝቅ አድርገው ሽቦውን ከሥሩ ይክተቱት፣ እስከ ቀኝ ጥግ ድረስ እየገፉ ይሂዱ። በግድ ከሳቡት ልባሱ ይታጠፋል፣ መታጠፊያውም አይጠፋም።

3. አሁን ከፊት መስታወቱና ከበሩ መካከል ያለው ምሰሶ ላይ ደርሰዋል። ኤርባግ የሚል ጽሑፍ ካለበት ከጎን የሚወርደው የመጋረጃ ኤርባግ ከልባሱ ሥር ተጣጥፏል ማለት ነው። ሽቦ በኤርባጉ ፊት ካለፈ በሚፈነዳበት ቅጽበት ሊያደናቅፈው ወይም ራሱ ተወርውሮ ሰው ሊመታ ይችላል። ሽቦው ከኤርባጉ በስተጀርባ፣ ከመኪናው የራሱ ሽቦዎች ጋር ታስሮ መውረድ አለበት። ለዚህ ልባሱ መነቀል አለበት፤ ብዙ ቶዮታ ላይ የሚይዙት ክሊፖች ማቆሚያ ገመድ ስላላቸው በጉልበት ከተሳቡ ይሰበራሉ፣ አዲስ ክሊፕም ያስፈልጋል። ይህን ሠርተው የማያውቁ ከሆነ ለመኪና ኤሌክትሪሺያን ይስጡት፣ ሲሠራም አጠገቡ ቆመው ሽቦው የት እንዳለፈ ይዩ። ልባሱን በጣት ከፈት አድርጎ ሽቦውን ወደ ውስጥ ሸጎጥ የሚያደርግ ከሆነ ያስቁሙት።

4. ኤርባግ የሌለበት ምሰሶ ላይ ሽቦው በልባሱና በበሩ ጎማ መካከል ይገባል። ጎማው ሳብ ሲደረግ ይላቀቃል፣ መልሰው በመዳፍ ይጫኑት።

5. ከምሰሶው ሥር ወጥቶ በዳሽቦርዱ ጎን ወደ ፊውዝ ሳጥኑ ይወርዳል። ትርፉን ጠቅልለው በጨርቅ ፕላስተር ይሸፍኑትና ከማይንቀሳቀስ ነገር ጋር ይሰሩት። ፔዳል አካባቢ የሚንጠለጠል ሽቦ አይኑር። የፊውዝ ሳጥኑ በሹፌሩ በኩል ከሆነ ከመሳቢያው ጀርባ አሻግሮ መውሰድ ይቻላል። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየሩ መኪኖች ላይ ሳጥኑ በተሳፋሪው በኩል ሊገኝ ስለሚችል ከመጀመርዎ በፊት ይፈልጉት።

ኃይል ከፊውዝ መውሰድ

ላይተር ውስጥ የተሰካ ነገር በጎን መስታወት ይታያል። በዚያ ላይ የካሜራው ኪት (ካሜራውን ከመኪናው ኤሌክትሪክ ጋር የሚያገናኘው የሽቦ ዕቃ) ከፊውዝ ሲገናኝ መኪናው ቆሞም መቅረጽ ይቻላል። ኪቱ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሽቦ አለው። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ከሚያገኝ ፊውዝ፣ ቢጫው ሁልጊዜ ኃይል ካለው፣ ጥቁሩ ቀለም ከሌለው የቦዲ ብረት ላይ ካለ ቡሎን ጋር ይገናኛል። የቀለሙን ትርጉም ከኪቱ ወረቀት ላይ ያረጋግጡ፤ ቀዩና ቢጫው ከተቀያየሩ ካሜራው ማታ በቆመበት ሁነታ አይቀርጽም።

ከላይተር፣ ከሬዲዮ ወይም ከኋላ መጥረጊያ ፊውዝ ይውሰዱ። የኤርባግ፣ የኤቢኤስ፣ የሞተር ኮምፒውተርና የፊት መብራት ፊውዞች አይነኩም። ፊውዝ ታፕ (በፊውዙ ቦታ ተሰክቶ ለካሜራው ተጨማሪ ሽቦ የሚያወጣ መሰኪያ) ሲገዙ የመኪናዎን አንድ ፊውዝ ነቅለው ይውሰዱ፤ ሚኒ፣ ሎ ፕሮፋይልና ማይክሮ 2 የሚባሉት መጠኖች አይተካኩም። ለካሜራው የ2 ወይም የ3 አምፔር ፊውዝ ይበቃል።

ታፑ የሚገባበት አቅጣጫ አለው። በትክክል ከገባ የመኪናው የራሱ ፊውዝ ከታፑ ላይ ሲነቀል ካሜራው መሥራቱን ይቀጥላል። ካሜራው አብሮ ከጠፋ ኃይሉ በመኪናው ፊውዝ በኩል እየዞረ ነው ማለት ነው፣ ታፑን ነቅለው አዙረው ይክተቱት። ይህን ሁሉ የሚለኩት በመልቲሜትር ነው።

አሁን የባትሪውን ሒሳብ ያስቡ። በቆመበት የሚቀርጽ ካሜራ 5 ዋት ከወሰደ ከ12 ቮልት ባትሪ 0.4 አምፔር ገደማ ይስባል፤ በ10 ሰዓት ሌሊት 4 አምፔር-ሰዓት ማለት ነው። አነስተኛ መኪና ላይ ያለ ባለ 45 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ይህን ይችላል። መኪናው ሦስት ቀን ካልተንቀሳቀሰ ግን 29 ያህሉ ይሄዳል፣ ሞተሩም አይነሣም። ኪቱ ቮልቴጁ ሲወርድ የሚቆርጥበት ማስተካከያ አለው። 12.2 ቮልት ለተለመደው የአሲድ ባትሪ ግማሽ ያህል ቻርጅ ነው። ባትሪው ካረጀ 12.4 ላይ ያድርጉት። 11.8ን ይተዉት፤ እዚያ ሲደርስ ባትሪው አልቋል።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አገር ቤት የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ አንዳንዶቹ (ብዙ የቢዋይዲ ሞዴሎች ጭምር) ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪያቸው ራሱ ሊቲየም መሆኑ ነው። የዚህ ባትሪ ቮልቴጅ እስኪያልቅ ድረስ ከ13 አካባቢ ብዙም አይወርድም፤ 12.4 ሲደርስ የቀረው ጥቂት ነው። ስለዚህ መቁረጫው አያድነውም። ኪቱ የሰዓት ገደብ ካለው ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይስጡት፣ ከሌለው በቆመበት መቅረጹን ይተዉት።

የኋላ ካሜራ

እዚህ ሥራው ቀላል ነው፤ ብዙ የኋላ መስታወት የጠቆረ ስለሆነ ካሜራው ከአናቱ ከተለጠፈ አይታይም። መያዣውን ማሞቂያ መስመሮቹ ላይ አይለጥፉት፣ ሲነቀል መስመሩን ይዞት ይመጣል። መስታወቱ ላይ የሬዲዮ አንቴና ካለ ሽቦውን ያርቁት፣ አለዚያ ኤፍኤም ይረብሻል። ወደ ላይ የሚከፈት የኋላ በር ከሆነ ሽቦው በበሩና በጣሪያው መካከል ባለው የጎማ ቱቦ ውስጥ ማለፍ አለበት። አድካሚ ነው፣ ግን ከቱቦው ውጭ የተተወ ሽቦ በሩ በተዘጋ ቁጥር እየተቆነጠጠ ይበጠሳል።

ሕግና ተሳፋሪ

በካሊፎርኒያ ከሚፈቀዱት ቦታዎች አንዱ የመስታወቱ መሃል አናት ላይ ያለ የ5 ኢንች (12.7 ሳ.ሜ.) ካሬ ነው፤ ከስፖኪዮ ጀርባ የሚለው ምርጫ እዚያ ይገባል። ነገር ግን ንግግር ሊቀረጽ እንደሚችል የሚገልጽ ማስታወቂያ መኪናው ውስጥ በሚታይ ቦታ መለጠፍ አለበት። የጭነት መኪና ለሚነዱ የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ መሣሪያው ከመጥረጊያው ክልል የላይኛው ጠርዝ ከ8.5 ኢንች በላይ እንዳይወርድ ይላል።

ድምፅ ከምስል የከበደ ነው። በሜሪላንድ፣ በካሊፎርኒያና በዋሽንግተን ግዛት የግል ንግግርን ለመቅረጽ የሁሉም ተነጋጋሪዎች ፈቃድ ያስፈልጋል። በቨርጂኒያና በዲሲ ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ ይበቃል። በአንድ ቀን ከዲሲ ሜሪላንድ የሚመላለስ ሹፌር ማይክሮፎኑን አጥፍቶ ቢሠራ ወይም ተሳፋሪው ሲገባ የሚያየው ጽሑፍ ኋላ ወንበሩ ፊት ቢለጥፍ ይሻለዋል። የጎን መስታወት ላይ አይለጥፈው፤ ከውጭ ይነበባል፣ የተደከመበትንም ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። በጀርመን የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. የዳሽካም ምስል በፍትሐ ብሔር ክርክር ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ወስኗል። ያለማቋረጥ መቅረጽ ግን ከግል መረጃ ሕጉ ጋር ይጋጫል። እዚያ ያሉ የቀረጻ ርዝመቱን አጭር አድርገው፣ አሮጌው በአዲሱ ቶሎ እንዲተካ ያስተካክሉት።

ከተገጠመ በኋላ

መኪናውን መንገድ መብራት ሥር አቁመው ማታ አንድ ጊዜ ከውጭ ይዩት፤ ቀን ያልታየ ኤልኢዲ ወይም ስክሪን የሚታየው ያኔ ነው። በስልክ ፍላሽ ፎቶ ያንሡት፣ ያልተሸፈነ ብልጭ የሚል ነገር ካለ ፎቶው ያወጣዋል። መሬቱ ሸካራ በሆነ መንገድ ላይ ሬዲዮ ዘግተው ይንዱ። ሲንኳኳ የሚሰማው ያልታሰረ ሽቦ ነው።

የማይታይ ካሜራ ይረሳል፤ መብራቱ ስለጠፋም መቅረጹን የሚነግርዎ ነገር የለም። ስለዚህ በየሳምንቱ በስልክ ገብተው የመጨረሻው ፋይል የዛሬ መሆኑን ይዩ፣ በወር አንድ ጊዜ ካርዱን እዚያው ካሜራው ላይ ፎርማት ያድርጉት። ካርዱ ለተከታታይ ቀረጻ የተሠራ፣ ኢንዱራንስ የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ 64 ወይም 128 ጊጋባይት ይሁን። ተራ ካርድ ሌት ተቀን ሲጻፍበት ይደክምና ምንም ሳያስጠነቅቅ መቅረጽ ያቆማል። ሰዓቱንም ያስተካክሉ፤ ጂፒኤስ የሌለው ካሜራ ሰዓት ያዛባል፣ ትራፊክ ፖሊስም ሆነ ኢንሹራንስ ምስሉን ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ቀኑንና ሰዓቱን ነው።